አስም፣ ሲኦፒዲና ነጭ የደም ሕዋሳት፦ ጥያቄው በእርግጥ «የመከላከያ አቅም ማነስ» ነው?

እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ላይ፣ አስም ሲነሳ ለሚሰጠው ሕክምና ከ50 ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው አዲስ ነገር ተገኘ የሚል ዜና በብዙ አገሮች መገናኛ ብዙኃን ተሰራጭቶ ነበር። የዜናው መነሻ በእንግሊዝ አገር በ158 ሕሙማን ላይ የተደረገ ሙከራ ነው። በአስም ወይም በሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧን በሚያጠብብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) ምክንያት ትንፋሻቸው በድንገት ለባሰባቸው ሰዎች ቤንራሊዙማብ የተባለ መድኃኒት አንድ ጊዜ በመርፌ ሲሰጥ፣ በ90 ቀን ውስጥ ሕክምናው ሳይሠራላቸው የቀረው 45 በመቶ ያህል ነበሩ፤ የተለመደውን የፕሬድኒሶሎን (መቆጣትን የሚያበርድ ስቴሮይድ) ክኒን ብቻ ከወሰዱት መካከል ግን 74 በመቶ ያህሉ ሕክምናው አልሠራላቸውም። በዚያው ዓመት መስከረም ወር የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዱፒሉማብ የተባለውን መድኃኒት ለሲኦፒዲ ፈቅዷል፤ ለዚህ በሽታ የተፈቀደ የመጀመሪያው ባዮሎጂካል መድኃኒት (በሕያዋን ሕዋሳት አማካይነት የሚመረት ፕሮቲን) መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ዜናውን የተከታተለ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በሰፊው ሲነገር የኖረው አስም የሰውነት መከላከያ አቅም ሲዳከም የሚመጣ በሽታ ነው፣ መፍትሔውም መከላከያን ማጠናከር ነው የሚል ነበር። አዲሶቹ መድኃኒቶች ደግሞ የሚሠሩት በተቃራኒው መንገድ ነው፦ አንዱ (ቤንራሊዙማብ) ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ኢዮሲኖፊል የተባለውን ዓይነት ለይቶ ከደም ያጠፋል፣ ሌላው (ዱፒሉማብ) ሕዋሳቱ እርስ በርስ የሚላላኩበትን መልእክት ያቋርጣል። መከላከያው ደክሞ ከሆነ፣ የመከላከያ ሕዋስን መግደል እንዴት ሕክምና ሊሆን ይችላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ያለው በአየር ቧንቧው ውስጥ የትኛው ሕዋስ፣ መቼ፣ ምን እንደሚሠራ በማየት ላይ ነው።

ሁለቱ በሽታዎች

አስም ማለት የአየር ቧንቧዎች በቀላሉ የሚቆጡበት፣ ጠብበው እንደገና የሚከፈቱበት በሽታ ነው። አንድ ቀን ደረቱ ሲር ሲር እያለ ሦስት ቃል በአንድ ትንፋሽ መናገር ያቃተው ሰው በሳምንቱ ምንም እንዳልነበረበት ሊሆን ይችላል። ሲኦፒዲ ደግሞ ቀስ በቀስ የሚገፋ፣ የጠበበውም ሙሉ በሙሉ ተመልሶ የማይከፈትበት ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ሲሆን፣ የትንባሆ ጭስ፣ የማገዶና የከሰል ጭስ፣ የሥራ ቦታ ብናኝና የአየር ብክለት ዋና መነሻዎቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 አስም ያለባቸውን ሰዎች 262 ሚሊዮን፣ በአስም የሞቱትን 455 ሺህ ብሎ ገምቷል። ሲኦፒዲ በ2021 ብቻ ወደ 3.5 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሞት ምክንያት ሆኗል።

የሁለቱ የጋራ መሠረት ብግነት ነው። ብግነት ማለት አንድ የሰውነት ክፍል ሲጎዳ ወይም ባዕድ ነገር ሲገባበት ደም ሥሮች ተለጥጠው፣ ፈሳሽና ነጭ የደም ሕዋሳት ወደዚያ ቦታ ሲጎርፉ የሚፈጠረው ማበጥና መቆጣት ነው። ቁስል ያለ ብግነት አይድንም። ችግር የሚሆነው ሳይጠሩት የመጣ ወይም መሄጃውን የረሳ ሲሆን ነው። ይህ ብግነት ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ በሁለት ሕሙማን ላይ ያለው ሳል፣ ትንፋሽ ማጠርና የደረት ፉጨት በጆሮ ሲሰማ አንድ ሆኖ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፈጽሞ የተለያየ የሕዋስ ስብስብ ሊሆን ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው፤ ባለፉት 20 ዓመታት በሕክምናው ላይ የመጣው ለውጥ አብዛኛው የተገኘው የበሽታውን ስም ከመጠየቅ ሕዋሱን ወደ መቁጠር በመሻገር ነው።

ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት

አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ10 ሺህ ሊትር በላይ አየር ያስገባል፤ ከአየሩ ጋር አቧራ፣ የአበባ ብናኝ፣ ጭስና ተሕዋስያን አብረው ይገባሉ። የቧንቧው የውስጥ ልባስ እነዚህን በዝልግልግ ፈሳሽ ይይዝና በላዩ ባሉት እጅግ ደቃቅ ፀጉሮች ወደ ጉሮሮ ይገፋቸዋል። ከልባሱ ሥር ደግሞ ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳት ተቀምጠዋል።

አለርጂ ያለበት ሰው በቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩትን በዓይን የማይታዩ ተባዮች ቆሻሻ ሲስብ የሚሆነውን በቅርበት እንመልከት። የዚህ ሰው ሰውነት ቀደም ብሎ ለዚያ ቆሻሻ አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ሠርቷል፤ አይጂኢውም በማስት ሴሎቹ ገጽ ላይ ተተክሎ ይጠብቃል። ብናኙ ሲደርስ ሁለት አጠገብ ለአጠገብ ያሉ አይጂኢዎችን ያገናኛል፣ ማስት ሴሉም በደቂቃዎች ውስጥ በሆዱ የያዛቸውን እንክብሎች ይተፋል። ከውስጣቸው የሚወጣው ሂስታሚን፣ ተከትለውም የሚመረቱት ሉኮትራይን የተባሉ ቅመሞች በቧንቧው ዙሪያ የተጠመጠመውን ጡንቻ ያኮማትሩታል። ሳልቡታሞል የሚባለው የሚሳብ መድኃኒት በፍጥነት የሚያስታግሰው ይህንን የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው፤ ጡንቻውን ያላላል።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሕመምተኛው ተሻለኝ ብሎ በተኛበት፣ ሁለተኛው ማዕበል ይመጣል። ማስት ሴሎቹ የላኩትን ጥሪ የሰሙ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ወጥተው ወደ ቧንቧው ግድግዳ ይገባሉ፤ ግድግዳው ያብጣል፣ ፈሳሹ ይወፍራል። ሳልቡታሞል በእነዚህ ሕዋሳት ላይ የሚጠቅም ሥራ የለውም። ጂና በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ በ2019 አዋቂዎችና ታዳጊዎች በአጭር ጊዜ ማስታገሻ ብቻ እንዳይታከሙ፣ የሚሳብ ስቴሮይድ አብሮ እንዲሰጣቸው የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። ማስታገሻው ትንፋሹን ሲከፍት ብግነቱ ከሥር ይቀጥላል፤ መክፈቱ ራሱ ሰውየውን ያዘናጋል።

ኢዮሲኖፊል፦ ከማቅለሚያ እስከ መድኃኒት

በዚህ ሁለተኛ ማዕበል ውስጥ በብዙዎቹ የአስም ሕሙማን ዘንድ ጎልቶ የሚታየው ኢዮሲኖፊል ነው። ስሙን ያገኘው ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊኽ በ1879 ኢዮሲን በተባለ ቀይ ማቅለሚያ ደምን ሲቀባ አንዳንድ ሕዋሳት ማቅለሚያውን በስስት እንደሚመጥጡ በማየቱ ነው። በመስታወት ላይ የተቀባ የአስም ሕመምተኛ አክታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እነዚህ ሕዋሳት ለሁለት በተከፈለ አስኳላቸውና እንደ ፍም በቀሉ ጥቃቅን እንክብሎቻቸው ወዲያው ይለያሉ። በመካከላቸው በሁለቱም ጫፍ እንደ መርፌ የሾሉ ጠጣር ክሪስታሎች ይታያሉ። ፈረንሳዊው ሻርኮ በ1853፣ ጀርመናዊው ላይደን ደግሞ በ1872 ስለ ክሪስታሎቹ ጽፈዋል፤ እስከ ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራሉ። ክሪስታሎቹ የኢዮሲኖፊል ፕሮቲን መሆናቸው ከታወቀ ቆይቷል። ለረጅም ጊዜ እንደ ፍርስራሽ ብቻ ይታዩ የነበሩት እነዚህ ስለቶች ራሳቸው ብግነትን እንደሚያባብሱ የሚያሳይ ጥናት የወጣው ግን በ2019 ነው።

ኢዮሲኖፊል የሚሠራው በመቅኔ ውስጥ ሲሆን፣ እንዲበዛም እንዲቆይም የሚያደርገው ኢንተርሊውኪን 5 የተባለ መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን ነው። እንዲህ ያሉ ሕዋሳት የሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች በጥቅሉ ሳይቶካይን ይባላሉ። ታዲያ ኢንተርሊውኪን 5ን የሚያግድ መድኃኒት ቢሠራ ኢዮሲኖፊል ይጠፋል፣ ኢዮሲኖፊል ከጠፋ አስም ይድናል የሚል ቀጥተኛ ሐሳብ መጣ፤ ሜፖሊዙማብም ተሠራ። በ2000 የወጣው የመጀመሪያ አነስተኛ ሙከራ ውጤት ግን ቀዝቃዛ ውኃ የቸለሰ ነበር፦ ኢዮሲኖፊል ከደም በእርግጥ ጠፋ፣ ቧንቧው ለአለርጂ ያለው ቁጣ ግን አልተለወጠም። በ2007 ከ300 በላይ ሕሙማንን ያካተተ ሌላ ሙከራም ተስፋ የሚሰጥ ነገር አላገኘም። በዚያ ወቅት፣ ኢዮሲኖፊል የጥፋቱ ምስክር እንጂ አድራጊ አይደለም የሚለው አስተያየት በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር።

ነገሩን የገለበጡት በ2009 የወጡ ሁለት አነስተኛ ሙከራዎች ናቸው። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተለወጠው መድኃኒቱን የሚወስደው ሰው ነው። ቀደም ሲል አስም የተባለ ሁሉ ይገባ ነበር፣ አሁን ግን ስቴሮይድ እየወሰዱም በአክታቸው ውስጥ ኢዮሲኖፊል ያልጠፋላቸው ሰዎች ብቻ ተመረጡ፤ የሚለካውም የዕለት ተዕለት ምልክት ወይም የትንፋሽ ኃይል ከመሆን አልፎ በሽታው ክፉኛ የሚነሳበት ጊዜ ብዛት ሆነ። የሚነሳበት ጊዜም በግልጽ ቀነሰ። በ2014 የወጣው ሰፊ ሙከራ መቀነሱን ወደ ግማሽ አደረሰው፤ መድኃኒቱም በ2015 ተፈቀደ። በዚህ ዘርፍ ካሉት ታሪኮች ሁሉ ይህ እጅግ አስተማሪው ይመስለኛል፤ አንድ ጠቃሚ መድኃኒት ወደ መደርደሪያ ሊመለስ የቻለው ውስጡ ሁለትና ሦስት ዓይነት የሆነን በሽታ በአንድ ስም ስለጠሩት ብቻ ነበርና።

ለዚህ መንገድ የጠረገው ከዚያ ቀደም ብሎ በ2002 የወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ነው። 74 የአስም ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ እንደ ተለመደው በምልክታቸው ሲታከሙ፣ የሌሎቹ የስቴሮይድ መጠን በአክታቸው በተቆጠረው ኢዮሲኖፊል ልክ ከፍና ዝቅ ይል ነበር። በቆጠራ የታከሙት ክፉኛ የታመሙባቸው ጊዜያት በጣም አነሱ፤ በጠቅላላው የወሰዱት ስቴሮይድም ከሌሎቹ አልበለጠም። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ አሮጌው መድኃኒት አድራሻው ተገኘለት።

ኢዮሲኖፊልን የሚጠራው ማን ነው?

ኢንተርሊውኪን 5ንና ዘመዶቹን ኢንተርሊውኪን 4ንና 13ን ከሚያመርቱት ሕዋሳት መካከል የመጀመሪያዎቹ የታወቁት ረዳት ቲ ሴሎች የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። በ1986 ሞስማንና ኮፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እነዚህ ሕዋሳት ሁለት ወገን መሆናቸውን፣ አንደኛው ወገን አንድ ዓይነት ሳይቶካይን፣ ሁለተኛው ሌላ ዓይነት እንደሚያመርት አሳዩ። የሁለተኛውን ወገን ብግነት ዛሬ ዓይነት 2 ብግነት ይሉታል። በ2010 ደግሞ አለርጂ ሳይኖር፣ ቲ ሴልም ሳይሳተፍ፣ እነዚያኑ ሳይቶካይኖች በብዛት የሚያመርቱ ሌሎች ሕዋሳት ተገኙ። ይህ ግኝት አንድ የቆየ እንቆቅልሽ ለመፍታት ረድቷል፤ በጎልማሳነታቸው አስም የጀመራቸው፣ የአለርጂ ምርመራቸው ንጹሕ የሆነ፣ ኢዮሲኖፊላቸው ግን ከፍ ያለ ሰዎች አሉና።

ከዚህ የተነሳ ክርክሩ ወደ ላይ ወጥቷል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ጥፋቱ የሚጀምረው ከነጭ የደም ሕዋሳት ሳይሆን ከቧንቧው ልባስ ነው ይላሉ። ልባሱ በቫይረስ፣ በጭስ ወይም በአለርጂ ቀስቃሽ ሲጎዳ የማንቂያ ሳይቶካይኖችን ይለቃል፤ ከሥር ያሉት ሕዋሳት የሚንቀሳቀሱት ይህን ሰምተው ነው። ከእነዚህ ማንቂያዎች አንዱን የሚያግደው ቴዜፔሉማብ በ2021 መገባደጃ መፈቀዱ፣ የኢዮሲኖፊል ቁጥራቸው ዝቅ ባለ ሕሙማን ላይም በመጠኑ መሥራቱ ይህን አመለካከት ያጠናክራል። በሌላ በኩል፣ በኢዮሲኖፊል ላይ ብቻ ያነጣጠሩት መድኃኒቶች የበሽታውን መነሳት በግማሽ መቀነሳቸው ሕዋሱ ተራ ምስክር እንዳልሆነ ያሳያል። ግማሹ ብቻ መቀነሱ ደግሞ ብቸኛው ጥፋተኛም እንዳልሆነ ይናገራል። ሁለቱ አመለካከቶች እርስ በርስ የሚጠፋፉ ሳይሆኑ በአንድ ሰንሰለት ላይ ያሉ የተለያዩ ቀለበቶችን የሚያዩ ናቸው ማለት ይቀላል።

ኒውትሮፊልና የሳንባው መሸርሸር

በሲኦፒዲ ዘንድ ዋናው ተዋናይ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ኒውትሮፊል በደማችን ውስጥ ከነጭ ሕዋሳት ሁሉ የሚበዛው ነው፤ መቅኔ በቀን ወደ 100 ቢሊዮን የሚጠጋ ያመርታል። ባክቴሪያ በገባበት ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ይውጣል፣ ይገድላል፣ ከዚያም ራሱ ይሞታል። መሣሪያዎቹ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ኢላስቴዝ ይባላል። ስሙ እንደሚያመለክተው ኢላስቲን የተባለውን፣ ሳንባን እንደ ላስቲክ ተለጥጦ እንዲመለስ የሚያደርገውን ፕሮቲን ይቆርጣል።

ይህ ኢንዛይም በሳንባ ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል የታወቀው ባልታሰበ መንገድ ነው። በ1963 ላውሬልና ኤሪክሰን የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች የደም ፕሮቲኖችን ሲመረምሩ፣ በአንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ አንድ የሚጠበቅ ፕሮቲን እንደሚጎድል አስተዋሉ። የጎደለው አልፋ 1 አንቲትሪፕሲን ይባላል፤ ሥራው የኒውትሮፊልን ኢላስቴዝ ማገት ነው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በለጋ ዕድሜያቸው የሳንባቸው የአየር ከረጢቶች ግድግዳ እየፈረሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲኦፒዲ በቆራጩና በአጋቹ መካከል ያለው ሚዛን መዛባት ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር ሰደደ። ትንባሆ የሚያጨስ ሰው አጋቹ በዘር ባይጎድለውም፣ ጭሱ በአንድ በኩል ኒውትሮፊሎችን ይጠራል፣ በሌላ በኩል አጋቹን ፕሮቲን ያዳክማል።

እንግዲህ ኒውትሮፊልን መቀነስ መፍትሔ ይሆናል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ተሞክሯልም፤ ውጤቱ ግን አላማረም። ኒውትሮፊሎች ወደ ሳንባ የሚጠሩበትን መንገድ የሚዘጉ መድኃኒቶች በሲኦፒዲ ላይ የተጠበቀውን ጥቅም አልሰጡም። በመገጣጠሚያ ብግነት ሕክምና የታወቀው ኢንፍሊክሲማብ በ2007 በወጣ ሙከራ ለሲኦፒዲ ሕሙማን ጥቅም አላሳየም፤ በመድኃኒቱ ወገን የሳንባ ምችና ካንሰር በዝተው መታየታቸውም ስጋት ፈጥሯል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ኢዮሲኖፊል የሌለው ሰው ብዙ ሳይቸገር ይኖራል፤ ኒውትሮፊል የሌለው ሰው ግን በቀናት ውስጥ በባክቴሪያ ሊሞት ይችላል። ቅንድብ ለማበጀት ዓይን ማጥፋት ይሆናል።

የተሻለው ሐሳብ ሕዋሱን ትቶ ስለቱን ማዶልዶም ሆኖ ተገኝቷል። ብሬንሶካቲብ የተባለው ክኒን ኒውትሮፊሉ ገና በመቅኔ ውስጥ ሳለ ኢላስቴዝና መሰሎቹ እንዳይሳሉ የሚያደርግ ነው። ሕዋሱ ይወለዳል፣ ይጓዛል፣ ባክቴሪያም ይውጣል፤ የቧንቧውን ግድግዳ የሚቆርጥበት ግን ይቀንስበታል። በነሐሴ 2025 በአሜሪካ የተፈቀደው ለሲኦፒዲ ሳይሆን ለብሮንኬክታሲስ ነው፤ ይህም የአየር ቧንቧዎች በተደጋጋሚ ቁስለትና ብግነት ሰፍተው አክታ የሚያጠራቅሙበት ሌላ ሥር የሰደደ በሽታ ነው።

በአስም ውስጥ የሚታየው ኒውትሮፊል ግን አሁንም ያከራክራል። ከባድ አስም ካላቸው ሰዎች አንዳንዶቹ አክታቸው በኢዮሲኖፊል ፋንታ በኒውትሮፊል የተሞላ ነው። ይህ ራሱን የቻለ የአስም ዓይነት ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ስውር የባክቴሪያ ልክፍት ወይም ሕሙማኑ የሚወስዱት ከፍተኛ ስቴሮይድ ውጤት ነው የሚሉም አሉ። ሁለተኛው ክርክር መሠረት አለው፤ ስቴሮይድ የኢዮሲኖፊልን ዕድሜ ሲያሳጥር የኒውትሮፊልን ያስረዝማልና።

የቀሩትን በአጭሩ ለማንሳት ያህል፣ ማክሮፋጅ የሚባሉት ጠራጊ ሕዋሳት በአጫሾች ሳንባ ውስጥ በብዙ እጥፍ ይበዛሉ፤ በሲኦፒዲ ግን ባክቴሪያንና የሞቱ ሕዋሳትን የመዋጥ ችሎታቸው ደክሞ ይገኛል። ገዳይ ቲ ሴሎች ደግሞ በሲኦፒዲ ሕሙማን ትናንሽ ቧንቧዎች ውስጥ ይከማቻሉ፣ በሽታው በገፋ ቁጥርም የሊምፍ ሕዋሳት ክምችት ይጨምራል። ሰውየው ማጨስ ካቆመ ከዓመታት በኋላም ብግነቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ይህ ግን ማጨስ ማቆምን ከንቱ አያደርገውም፤ የሳንባው አቅም የሚወርድበትን ፍጥነት በእርግጥ የሚቀንሰው ማቆሙ ነውና።

ስቴሮይድ ለማን?

ይህ ሁሉ የሕዋስ ወሬ ለሕመምተኛው ምን ይለውጣል? ግልጹ መልስ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። በአስም የሕክምናው ምሰሶ ነው። በሲኦፒዲ ግን ለረጅም ጊዜ ለሁሉም ሲታዘዝ ቆይቶ፣ በ2007 ከ6 ሺህ በላይ ሕሙማንን ለሦስት ዓመት የተከታተለ ሙከራ ሌላ ገጽታውን አሳየ፦ ስቴሮይድ ከወሰዱት ከ18 እስከ 20 በመቶ ያህሉ የሳንባ ምች ሲይዛቸው፣ ካልወሰዱት ወገን የተያዙት ከ12 እስከ 13 በመቶ ያህል ነበሩ። ስለዚህ መድኃኒቱን ለሚጠቅመው ሰው ብቻ መስጠት ግድ ሆነ። ጎልድ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የሲኦፒዲ መመሪያ መለያ አድርጎ የወሰደው የደም ኢዮሲኖፊልን ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ 300ና ከዚያ በላይ ሲሆን ስቴሮይድ የመጥቀሙ ዕድል ከፍ ያለ ነው፤ ከ100 በታች ሲሆን ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ከሲኦፒዲ ሕሙማን ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ኢዮሲኖፊላቸው ከፍ ያለ እንደሆነ ይገመታል።

የዚህ ምርመራ ጥሩነቱ አዲስ መሣሪያ አለመፈለጉ ነው፤ በየትኛውም የተለመደ የደም ቆጠራ ውጤት ላይ ይገኛል። ይሁን እንጂ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው በመቶኛ ነው፣ መመሪያው የሚጠይቀው ደግሞ በቁጥር ነው። ጠቅላላ ነጭ የደም ሕዋሱ 8 ሺህ የሆነ ሰው 4 በመቶ ኢዮሲኖፊል ቢኖረው 320 ይሆናል፤ ጠቅላላው 5 ሺህ የሆነ ሰው ያው 4 በመቶ 200 ብቻ ነው። አንድ ዓይነት የሚመስል ወረቀት ሁለቱን ሰዎች ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያስቀምጣቸዋል። በተጨማሪም ቁጥሩ በቀኑ ሰዓት ይለዋወጣል፣ የስቴሮይድ ክኒን ከተወሰደ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፣ የአንጀት ትላትል ካለ ደግሞ ከሳንባ ጋር ግንኙነት በሌለው ምክንያት ይጨምራል። በአንድ ቀን በተወሰደ አንድ ቁጥር ላይ የረጅም ጊዜ ሕክምና መመሥረት አስተማማኝ የማይሆነው ለዚህ ነው።

መግቢያው ላይ ወደጠቀስነው ዜና ስንመለስ፣ ብዙዎቹ ርዕሶች የዘለሉት ነጥብ እዚህ ላይ ይገኛል። በእንግሊዙ ሙከራ የተካተቱት በታመሙበት ሰዓት የደም ኢዮሲኖፊላቸው 300 እና ከዚያ በላይ የነበሩ ሰዎች ብቻ ናቸው። ዱፒሉማብም ለሲኦፒዲ የተፈቀደው የኢዮሲኖፊል ዓይነት ብግነት ላላቸው ነው፤ በሁለቱ መሠረታዊ ሙከራዎች የበሽታውን መባባስ የቀነሰው በ30 እና በ34 በመቶ ነበር። ትልቅ ጥቅም ነው፤ የአስም ወይም የሲኦፒዲ ፈውስ ተገኘ ለማለት ግን አይበቃም፣ ለሕሙማን ሁሉ የሚሆንም አይደለም።

«መከላከያን ማጠናከር» ስለሚባለው

የመከላከያ አቅም ማነስ የሚለው አባባል ፈጽሞ ውሸት ነው ማለትም አግባብ አይሆንም። በ2005 የወጣ ጥናት ከአስም ሕሙማን የተወሰዱ የቧንቧ ልባስ ሕዋሳት የጉንፋን ቫይረስ ሲገባባቸው ኢንተርፌሮን የተባለውን ፀረ ቫይረስ ፕሮቲን ከጤነኞች ያነሰ እንዳመረቱ አሳይቷል፤ ውጤቱ በሁሉም ጥናቶች ባይደገምም፣ ተራ ጉንፋን አስምን ለምን ክፉኛ እንደሚያስነሳ ለመረዳት ይረዳል። የሲኦፒዲ ማክሮፋጆች መዳከምም ከላይ ተነሥቷል። ስለዚህ በአንድ ሳንባ ውስጥ አንዱ የመከላከያ ክፍል ሲያንስ ሌላው ሊበዛ ይችላል። መከላከያ ከፍና ዝቅ የሚደረግ አንድ ቁልፍ የለውም።

የመከላከያ ማጠናከሪያ እየተባሉ የሚሸጡ እንክብሎችና ቅጠላ ቅጠሎች የሚያነሱት ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፦ የትኛውን ሕዋስ ነው የሚያጠናክሩት? ኢዮሲኖፊልን ከሆነ ጉዳት ነው፣ ኒውትሮፊልን ከሆነም እንደዚያው። ደግነቱ አብዛኞቹ ይህን የማድረግ አቅም የላቸውም፤ ጉዳታቸው የሚመጣው ሰውየው የሚሳበውን ስቴሮይድ ትቶ በእነርሱ ሲተማመን ነው። ክትባት ከዚህ ይለያል። የኢንፍሉዌንዛና የኒሞኮከስ (የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ) ክትባት ሥርዓቱን በጅምላ አያነሳሳም፤ አንድን የታወቀ ተሕዋስ እንዲለይ ያስተምረዋል፣ በዚህም በሽታውን ከሚያባብሱት ምክንያቶች አንዱን ይቀንሳል።

ኢዮሲኖፊልን ማጥፋት አደጋ የለውም ወይ የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕዋሱ ከጥገኛ ትላትል ጋር በሚደረገው ትግል ድርሻ እንዳለው ስለሚታመን፣ ትላትል ያለበት ሰው መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት እንዲታከም የአጠቃቀም መመሪያዎቹ ያዛሉ። ከዚህ ውጭ በዓመታት ክትትል የኢንፌክሽን መብዛት ጎልቶ አልታየም። በአንጻሩ፣ ፕሬድኒሶሎንን ደጋግሞ መውሰድ አጥንት ማሳሳቱ፣ የስኳር በሽታና የዓይን ሞራ ማምጣቱ በሚገባ የታወቀ ነው። ሁለቱ ሲመዛዘኑ፣ ከባድ አስም ላለበትና ኢዮሲኖፊሉ ከፍ ላለ ሰው ሚዛኑ ወደ አዲሶቹ መድኃኒቶች ያደላል። እንቅፋቱ ዋጋቸው ነው፤ ፕሬድኒሶሎን ከመድኃኒቶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ሲሆን፣ ባዮሎጂካል መድኃኒቶች ግን በባለጸጋ አገሮች እንኳ በጥብቅ መስፈርት ነው የሚታዘዙት።

የጊዜው ጥያቄ

አሁን ክርክሩ እየዞረ ያለው ወደ ጊዜ ነው። በከባድ አስም ሕሙማን ቧንቧ ውስጥ ለወራትና ለዓመታት ተቀርቅረው የሚቆዩ የአክታ ውታፎች በሲቲ ስካን ይታያሉ፤ ከኢዮሲኖፊል መብዛት ጋርም አብረው ይገኛሉ። እነዚህ በሕክምና ሊሟሙ እንደሚችሉ ምልክቶች አሉ። በሲኦፒዲ የፈረሰ የአየር ከረጢት ግድግዳ ግን የትኛውም ሕዋስ ቢታገድ ተመልሶ አይሠራም። ሆኖም ለዱፒሉማብ ሙከራዎች የተመረጡት ሰዎች ሦስት ዓይነት የሚሳብ መድኃኒት እየወሰዱም ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ በሽታው ደጋግሞ ወይም ክፉኛ የተነሳባቸው፣ አማካይ ዕድሜያቸውም 65 ዓመት ያህል የሆነ ነበሩ፤ የተከታተሏቸውም ለ52 ሳምንት ነው። መድኃኒቱ ከዚያ በፊት፣ ግድግዳው ገና ሳይፈርስ፣ ኢዮሲኖፊሉ ከፍ ላለ የአርባ ዓመት ሰው ቢሰጥ ሳንባውን ያተርፍለት እንደሆነ እነዚያ ሙከራዎች ሊመልሱ አይችሉም፤ ለመመለስም ከ52 ሳምንት እጅግ የረዘመ ክትትል ያስፈልጋል።